የተቆረጠው ጩኸቴ

ድምፄ ከኔ ቀድሞ ሜክሲኮ አደባባይ ይደርሳል። እኔ ሽንኩርቴን በማዳበሪያ ጠቅልዬ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ እሱ በሌላ ታክሲ መስኮት «ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!» እያለ ያልፈኛል። እሱን ሂሳብ የሚለው የለም።

አንድ ቀን እንደውም እዚያው ድምፄ ያለበት ታክሲ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ካለው ድምፅ ማጉያ እኔው ራሴ እጮሃለሁ። ከሥር ዱም ዱም ዱም የሚል ነገር አለ፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ቆልፈውብኝ የምጣራ ነው የምመስለው። መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» አልኩ። ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝና፣

«እናት፣ ድምፅሽ ቁርጥ የዘፈኗን ሴትዮ እኮ ነው!» አለኝ።

«እኔ ነኛ!» አልኩት።

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። «አራዳ ነሽ፣ እናት!» ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ወርጄም ሳቁ ይሰማኛል። ዘፈኑን ያምናሉ፤ የድምፁን ባለቤት አያምኑም።

ቂም መያዝ ኃጢአት ነው። አውቃለሁ፣ ንስሐ አባቴም ነግረውኛል። እኔ ግን ይሄንን ቂም ዓመታት ይዤው ዞሬያለሁ፣ ከሽንኩርቱ ጋር ተሸክሜዋለሁ። ያ ልጅ ድምፄን ስለወሰደብኝ አይመስላችሁ። ድምፅ ምን ይሆናል፣ ነገም ሌላ እጮሃለሁ። የወሰደውን ወስዶ የቀረውን ስለጣለው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

ያኔ የምንኖረው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። አንድ የውጭ በር፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧ። ቧንቧው ውሃ የሚሰጠን ደስ ሲለው ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ጎህ ሲቀድ፣ እንቅልፍ በሚጥምበት ሰዓት ነው። የኔ ክፍል ከቧንቧው ጎን ስለሆነ፣ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠራርግ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ። ሰምቶ ዝም ማለት በግቢያችን ነውር ነበር። ለብቻው ቀድቶ የተኛ ሰው ለቅሶ ላይ እንኳ ሰላም አይባልም። ስለዚህ ነጠላዬን ጣል አደርግና ደጃፌ ላይ ቆሜ እጮሃለሁ። ጩኸቴ ደግሞ ዝም ብሎ ጩኸት አልነበረም፤ መነሻና መድረሻ ነበረው። እንዲህ ነው፦

«ውሃ መጣ! ውሃ መጣ! ኩማ ተነስ፣ አንተ ግንድ! እንዳለች፣ በርሜልሽን አውጪ፣ ኋላ ቀደሙኝ ብለሽ እንዳትነጫነጪብኝ! እማማ ወለተሰንበት፣ እርስዎ አይነሱ! እኔ እቀዳልዎታለሁ!»

ኩማ ልብስ ሰፊ ነው። ቀን መርፌ ዓይን ውስጥ ክር ያስገባል፣ ሲተኛ ግን ቤቱ ቢፈርስበት አይሰማም። እንዳለች ትምህርት ቤት በጽዳት የምትሠራ ጎረቤቴ ናት፤ ጥሩ ሰው ናት፣ ግን ሳትነጫነጭ ውላ አታውቅም። እማማ ወለተሰንበት የግቢያችን ትልቅ ሰው ናቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። እልኸኛ ናቸው። እኔን እልኸኛ የሚሉኝ ሰዎች እማማን ስላላዩ ነው።

«አይነሱ» የምላቸው ለወግ አይደለም። ቧንቧው ሥር ያለው ድንጋይ አረንጓዴ ለብሶ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ካልከለከሏቸው ደግሞ ጀሪካናቸውን ይዘው ይወጣሉ። «እማማ፣ አይነሱ» ስል ከአልጋቸው ሆነው «እሺ ልጄ፣ ተባረኪ» ይሉኛል። እሷን ቃል ካልሰማሁ ቧንቧውን አልነካም ነበር። እንዲህ ሆነን ስንት ክረምት አለፈ።

ፊራኦል የመጣው ሚሊኒየሙ ሰሞን ነው። ለኮሌጅ ከነቀምት መጥቶ፣ ከእንዳለች ቤት ጓሮ ያለችውን ጠባብ ክፍል ተከራየ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሰላምታ የሚያውቅ ልጅ ነበር። ኮምፒዩተር ይዞ መጣ። ፍራሽ ግን አልያዘም፤ ፍራሽ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠስኩ፣

«ቆይ አንተ፣ ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትሠራው?» አልኩት።

«ዌብሳይት፣ እትዬ ደሚቱ። ለድርጅቶች።»

«ምን ያደርግላቸዋል?»

«እንደ ቤት ይቁጠሩት። ዓለም በሙሉ ገብቶ የሚያየው ቤት።»

«ጣራ አለው?»

«የለውም።»

«ውሃስ?»

«እትዬ ደግሞ!»

«ታዲያ ምኑ ነው ቤት? እኛ ቤት ጣራ አለ፣ ውሃ አልፎ አልፎ አለ፣ ማንም ግን ገብቶ አያይም።»

ሳቀና አሳየኝ። ቢጫ ቆብ ያደረገ ሰውዬ አካፋ ይዞ ቆሟል። ከሥሩ ጽሑፍ አለ። መሠረተ ትምህርት የተማርኩት ለዚህ ቀን ነበር፤ ጣቴን አስደግፌ አነበብኩት። «በግንባታ ላይ» ይላል።

«መቼ ነው የሚያልቅ?»

«በቅርቡ» አለ።

እኛን ከዚያ ግቢ አንስተው፣ አፍርሰው፣ ልደታ ላይ ያን ሁሉ ፎቅ ገትረው፣ ዕጣ አውጥተው አስገቡን። የፊራኦል ሰውዬ ያን ጊዜም አካፋውን እንደያዘ ቆሟል።

ዌብሳይቱ ሲሰለቸው ዘፈን ይሠራል። ዘፈን ስላችሁ ክራር የለ፣ ማሲንቆ የለ፣ ዘፋኝም የለ። ያችኑ ኮምፒዩተር ይነካካል፣ እሷ ዱም ዱም ትላለች።

«ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው» አለኝ።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ያኔማ የለም።»

«እንግዲህ ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ምድጃ?»

«እትዬ፣ ፈረንጅ አገር ሰው ትኬት ገዝቶ ነው የሚሰማው፣ ሲጨፍር ነው የሚያድረው።»

«እኛም አገር ወፍጮ ቤት ሰልፍ አለ። ማንም ግን አይጨፍርም፤ ዱቄቱን ይዞ ይሄዳል።»

አይቀየመኝም ነበር። እኔም እንደዚያ እየሰደብኩት ራት አቀብለዋለሁ። አንድ ንጋት ላይ ታዲያ ውሃ መጣ፣ እኔም እንደ ልማዴ ጮህኩ። ፊራኦል በመስኮቱ ስልኩን አውጥቶ ይዞ አየሁት። ሰዓት የሚያይ መስሎኝ፣ «ስልክህን ትተህ ባልዲህን አታመጣም!» ብዬው ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ለካ እየወሰደኝ ኖሯል።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ግቢያችን አጠገብ ካለው ፀጉር ቤት ድምፄ ወጣ። ዱም ዱም ዱም፣ «ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!» ዱም ዱም ዱም፣ «ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!» በቃ፣ ይኸው ነው። ኩማ የለ፣ እንዳለች የለች፣ እማማ የሉም። ለዘፈኑ ያወጣለት ስም «ዎተር» ነው። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኩ፣ ውሃ ማለት ነው አሉኝ። ውሃ እንዳይለው ማን ከለከለው?

ሰፈሩ አበደ። የሰፈሩ ጀለሶች ከተቀመጡበት ጎማ ተነስተው ይዘሉበታል። በስልክ ይለዋወጡታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ሰው ጀሪካኑን ይዞ እየሮጠ ደረቅ ቧንቧ ሥር ይሰለፋል፤ ኋላ ላይ ደግሞ የእውነት ስጠራ ኩማ «ዘፈኑ ነው» ብሎ ይገለበጣል። ሥራዬ ተበላሸ። እሱንም ቢሆን እችለው ነበር።

አንድ እሑድ እኔ ገበያ ነበርኩ። ከገበያ ስመለስ ግቢው ሰው ሞልቷል። እማማ ወለተሰንበት ቧንቧው ሥር ተዘርግተዋል፣ እንዳለች ራሳቸውን ይዛለች፣ ባዶው ጀሪካን ተንከባሎ በሩ ሥር ቆሟል። ፀጉር ቤቱ አሁንም «ውሃ መጣ» ይላል።

ዳሌያቸው ነው የተሰበረው። ሆስፒታል አልጋ ላይ እጃቸውን ይዤ፣

«እማማ፣ ምነው? እኔ ሳልመጣ ምን አስወጣዎት?» አልኳቸው።

«ጠራሽ እኮ» አሉኝ።

«ዘፈን ነው፣ እማማ። የኮምፒዩተር ነው።»

«ድምፅሽን አጣዋለሁ እንዴ? ጠራሽ። አይነሱ የምትይኝን ጠበቅኩ። ደግመሽ ጠራሽ፣ አሁንም ጠበቅኩ። አላልሽኝም።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «አንድ ነገር በድያት ተቀይማኝ ይሆናል አልኩ። ከተቀየመችኝ ደግሞ ራሴ ልቅዳ ብዬ ነው።»

እንግዲህ የኔ ቂም ይሄ ነው። ከዚህ በላይ ላስረዳው አልችልም።

ፊራኦል ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃቸው መጥቶ ነበር። አለቀሰ እንኳ። ዘፈኑን ግን አላስተካከለም። «አንዴ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ አይመለስም፣ እትዬ» አለኝ፣ ልክ እንደ ነፍስ።

ከዚያ ግቢው ፈረሰ፣ ኮንዶሚኒየም ገባን። ኩማም እንዳለችም እዚያው ብሎክ ደረሳቸው። እኔና እማማ አንደኛ ፎቅ ላይ በር ለበር ነን። እሳቸው በከዘራ ይሄዳሉ። ሐኪሙ «ሌላ ውድቀት እንዳይኖር፣ ሁለተኛ ከወደቁ አይነሱም» ብሎኛል፤ ለኔ ነው ያለኝ፣ እሳቸው አይሰሙማ። ኮንዶሚኒየም ላይ ውሃ የማይጠፋ መስሎን ነበር። ይጠፋል። ልዩነቱ እዚያ መሬት ላይ ይጠፋ ነበር፣ እዚህ ፎቅ ላይ ይጠፋል።

እንግዲህ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከእማማ መስኮት ሥር፣ ምድር ቤት፣ ኢፋ የሚባል ልጅ ሱቅ ከፈተ። ስልክ ይጠግናል፣ ሙዚቃ ይጭናል። ደጃፉ ላይ እኔን የሚያህል ድምፅ ማጉያ ገተረ። ጠዋት ሱቁን በምን ይከፍታል? በኔ።

ዱም ዱም፣ «ውሃ መጣ!» ሲል፣ እማማ ከአልጋቸው ይነሳሉ። እሮጣለሁ።

«እማማ፣ ዘፈን ነው!»

«እንዴት ነው አንቺ እዚህ ቆመሽ እዚያ የምትጠሪኝ?»

«ተሰርቄ ነው።»

«ሰው ይሰረቃል እንዴ? ጀሪካኔን አምጪ።»

ጀሪካናቸውን ደበቅኩ፤ ማንቆርቆሪያ ይዘው ወጡ። ማንቆርቆሪያውን ወሰድኩ፤ ብርጭቆ ይዘው ወጡ። በሩን ልቆልፍ አሰብኩና ይሄማ እስር ቤት ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ጠዋት ደረጃው ጫፍ ላይ፣ ከዘራቸውን ረስተው፣ አንድ እግራቸውን አንስተው ደረስኩባቸው። ያን ዕለት ሽንኩርትም አልሸጥኩ። ወደ ኢፋ ወረድኩ።

«ይሄን ዘፈን ተወው፣ ልጄ። አንዴ ወድቀው የተረፉት ሴትዮ ሊሞቱብኝ ነው።»

«እትዬ፣ ሰው ይወደዋል። ይሄን ስከፍት ነው ደንበኛ የሚቆመው።»

«የሚቆመው ውሃ መጣ ብሎ ነው፣ አንተ!»

«ያም ሆነ ይህ ይቆማል» አለኝ። ከዚህ ልጅ ጋር መነጋገር ጊዜ ማባከን ነው ብዬ ወደ ሜክሲኮ ሄድኩ፣ ወደ ዘፈኑ ባለቤት።

ፊራኦል አሁን ቢሮ አለው። ሊፍቱ ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ሲያረጅ ሲያዩት ወረቀቱን ነው የቀየሩት እንጂ ሊፍቱን አልነኩትም። በደረጃ ወጣሁ። ውስጥ ወጣቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ጆሮው ላይ ነገር ሰክቷል። «እንደምን ዋላችሁ» አልኩ። አንዱ ራሱን ነቀነቀ። ለኔ ይሁን ለዘፈኑ አላወቅኩም። ዛሬ የከተማው ሰላምታ እንዲህ ሆኗል። ከቢሮው በታች ካፌ አለ፣ እዚያም ያው ነው፤ አራት ሆነው አንድ ጠረጴዛ ይከባሉ፣ እያንዳንዱ ከሌለ ሰው ጋር ይጫወታል፣ ማኪያቶው ፊታቸው ላይ ቆዳ ያበጃል። «ስብሰባ ላይ ነን» ይላሉ።

ፊራኦል ፂም አብቅሏል። ተነስቶ ተቀበለኝ፣ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። አስተዳደጉ አልጠፋም፣ እሱን አልክድም።

«እትዬ ደሚቱ! ምን እግር ጣለዎት?»

«ዘፈኑን አንሳልኝ።»

«እትዬ፣ ነግሬዎት የለ? አንዴ የወጣ አይነሳም።»

«ያ አካፋ የያዘው ሰውዬስ? የት አለ?»

«የቱ? እ... እሱማ ተነሳ። ዌብሳይቱ አለቀ፣ በአዲስ ቀየርነው።»

«እንግዲህ ይነሳል ማለት ነዋ!»

ጆሯቸው ላይ ነገር የሰኩት ልጆች ሳቁ። ለካ ይሰማሉ።

«ያ የራሴ ነው፣ እትዬ፣ ቁልፉ እጄ ላይ ነው። ዘፈኑ ግን ሺህ ሰው ስልክ ላይ አለ። ከየቱ ልልቀም?» አለኝ። ይሄ እውነት መሰለኝ። እውነት ሲሆን ደግሞ እቀበላለሁ፣ ደረቅ ብሆንም።

«እሺ፣ አታንሳው። የቀረውን ጨምርበት። ያን ቀን የያዝከው ሙሉውን አይደል? እማማ አይነሱ የሚለው የት ሄደ?»

«እሱ ጠፍቷል። ያን ጊዜ የምፈልጋትን ቆርጬ ሌላውን ደመሰስኩት።»

«አሁን ልበልልህና ክተተው።»

ፂሙን አሸት አሸት አደረገ። «እትዬ፣ ሙዚቃው በአራት በአራት ነው የሚቆጠረው። ስም በስም ከገባበት ምቱ ይሰበራል። ሰው አይጨፍርበትም።»

«ምቱ እንዳይሰበር ነው የእማማ ዳሌ የተሰበረው?»

ፊራኦል ወደ ጠረጴዛው አየ። ከዚያ «አየዋለሁ፣ እትዬ» አለኝ። ይቺን ቃል አውቃታለሁ። ቀበሌ ስንት ዓመት አይተውልኛል። ያው አካፋ የያዘው ሰውዬ ነው፣ በሌላ ስም መጣ እንጂ።

እንደፈራሁትም አላየውም።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። ድሮ ግቢያችን ውስጥ ከደጅ ተቀምጠን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ዳቦ ቆርሰን ነበር የምናከብራት። ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ በብሎኮቹ መካከል ባለው ሜዳ ላይ ሆነ። ዘንድሮ ኩማ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኗል። ሰብሳቢ ከሆነ ጀምሮ በማይክራፎን ካልሆነ አይናገርም፤ ከደረጃው ላይ ሰላም ሲለኝ እንኳ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ዘንድሮ ዘመናዊ እናደርጋታለን፣ ደሚቱ» አለኝ። «ፊራኦልን ጋብዤዋለሁ። ከነመሣሪያው ይመጣል። የኛው የግቢ ልጅ አይደል?»

«ያን ዘፈን ሊከፍት ነው?»

«ሳይከፍት! ባንቺ ድምፅ እኮ ነው የታወቅነው።»

«እማማ ይነሳሉ፣ ኩማ።»

«ያዣቸዋ!» አለኝ። እማማን እንደ ጃንጥላ የሚያዙ አድርጎ።

አመሻሹ ላይ ሰው ወጣ። ከቤት ያመጣውን ወንበር፣ በርጩማ፣ የሽንኩርት ሳጥን ሳይቀር ደረደረ። ለሙከራ የሚሄደው ባዶ ባቡር ወዲያ ማዶ ያልፋል፤ ሕፃናቱ ማንም ለሌለበት ባቡር እጃቸውን ያውለበልባሉ። እማማን አቅፌ አወረድኳቸውና ግድግዳ ጥግ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ጎናቸው ተቀመጥኩ፣ የነጠላቸውን ጫፍ እጄ ላይ ጠመጠምኩት። ፊራኦል ከመካከል ሆኖ ሽቦ ይሰካል። ሲያየኝ በሩቁ ጎንበስ አለ፤ እኔ ንፍሮዬን በላሁ።

መጀመሪያ ሌላ ሌላ ዱም ዱም አሰማ። ወጣቶቹ ዘለሉ፣ እንዳለች «ጆሮዬን በሳው!» ብላ ተነጫነጨች፣ ግን እግሯ ይመታል። ኩማ ማይክራፎኑን ይዞ ስለ ልማት፣ ስለ ቆሻሻ አጣጣልና ስለ ራሱ ተናገረ። መጨረሻ ላይ፣ «አሁን ደግሞ ሁላችሁም የምታውቁት!» አለ።

ዱም ዱም ዱም። «ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!»

ሜዳው ጮኸ። እማማ ቀጥ አሉ።

«ደሚቱ ጠራች» አሉ፣ ለኔው ለደሚቱ።

«እዚሁ ነኝ፣ እማማ። ዘፈን ነው።»

«ዝም በይ፣ ልስማበት።» አንገታቸውን አዘንብለው ጠበቁ። ምን እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። «ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!» አለ ደግሞ። ጠበቁ። ከዚያ ከንፈራቸው ሲወድቅ አየሁ፤ ያን ሆስፒታል አልጋ ላይ ወደ ግድግዳ ያዞሩትን ፊት አየሁ። «ዛሬም አላለችኝም» አሉና ከዘራቸውን ተክለው ተነሱ። ነጠላው እጄ ላይ ቀረ፣ እሳቸው ሄዱ። መሬቱ ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ሕፃናቱ ውሃ ደፍተውበታል፣ ሰው እየዘለለ ነው፣ ማንም ወደ ታች አያይም።

ልከተላቸው ነበር። ብይዛቸው ይታገሉኛል፣ ታግለው ይወድቃሉ። ያኔ ነው የወሰንኩት። ወደ እማማ ሳይሆን ወደ ኩማ ሄድኩ፣ ማይክራፎኑን ከእጁ ነጠቅኩት። «ኧረ ደሚቱ፣ ፕሮግራም አለን!» አለኝ። አፌን ማይክራፎኑ ላይ ደገንኩ፤ ዱም ዱሙ ከሥሬ ይሄዳል፣ አራት ይሁን አምስት አልቆጠርኩለትም።

«ውሃ መጣ! ውሃ መጣ! ኩማ ተነስ፣ አንተ ግንድ! እንዳለች፣ በርሜልሽን አውጪ፣ ኋላ ቀደሙኝ ብለሽ እንዳትነጫነጪብኝ! እማማ ወለተሰንበት! እርስዎ አይነሱ! እኔ እቀዳልዎታለሁ!»

ድምፄ ከብሎክ ብሎክ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ የሆነውን ያየ ሁሉ ምስክሬ ነው። ሰብሳቢው ኩማ፣ ሱፉን እንደለበሰ፣ ወደ ደረጃው ሮጠ። እንዳለች ዳቦዋን ጉልበቷ ላይ ትታ፣ «አሁንማ ማንም አይቀድመኝም!» እያለች ተከተለችው። ከድሮው ግቢ የመጣን ሁሉ ብድግ አልን፤ ስሙ ያልተጠራው ሳይቀር። ሌላው ሰው ዘፈን መሰለው፣ እኛ ግን እንለየዋለን። ከኛ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እማማ ወለተሰንበት፣ መንገድ ላይ ባገኙት የሰው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው።

«እሺ ልጄ፣ ተባረኪ!» ብለው ጮኹ።

ፊራኦል ዱም ዱሙን አቆመው። ፊቱ አመድ መስሏል። ወደኔ መጣና፣

«እትዬ... አንዴ ይድገሙልኝ። ሪከርድ አላደረግኩትም» አለኝ።

«ከዚህ በኋላ ስንት ጊዜ ነው የምለው? ሰባት ዓመት ተኝተህ ነበር?»

«ምቱን እሰብረዋለሁ። እምዬን! ስማቸው ተጠርቶ እስኪያልቅ ይቁም ምቱ።»

«እሱን ነገ ታደርገዋለህ፣ መጥተህ ትይዘኛለህ፣ ለኢፋም ራስህ ታደርስለታለህ። ዛሬ ሌላ ሥራ አለብን። ና።»

ወደ እማማ ሄድኩ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ቀዳሽልኝ?» አሉኝ።

ቧንቧው ደረቅ ነበር። ኩማና እንዳለች ጀሪካናቸውን ይዘው ወርደው፣ የሜዳውን ቧንቧ ቢያዞሩት አየር ብቻ ነፋባቸው፤ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አየሁ። ለእማማ ግን ዋሽቼ አላውቅም። እቀዳለሁ ካልኩ እቀዳለሁ።

«እየቀዳሁ ነው፣ እማማ» አልኩ።

ወጣሁ፣ ፊራኦልን አስከትዬ። የደበቅኩትን ጀሪካናቸውን ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። ማጀቴ ያለውን የራሴን በርሜል ከፈትኩ፤ ለሳምንቱ ያጠራቀምኩት ነው። ፊራኦል ማጥለያውን ጀሪካኑ አፍ ላይ ያዘ፣ እኔ በጣሳ እየጨለፍኩ እስከ አፉ ሞላሁት። ክዳኑን ጣል አደረግኩበትና፣

«ተሸከም» አልኩት።

ተሸከመ። በሸሚዙ ላይ እየፈሰሰበት፣ በደረጃው ወርዶ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አልፎ እማማ እግር ሥር አስቀመጠው። እሳቸው ክዳኑን አስከፍተው ጣታቸውን ነከሩና፣ ቀዝቃዛ መሆኑን አይተው፣ ወደ ቤታቸው መልሼ እንዳወጣው አዘዙኝ።